ባቡር የሌላት አገር

በእኛ ጊዜ እኮ ባቡር ሰው ይጠብቅ ነበር። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ፣ እውነቴን ነው የምነግራችሁ። ይሄ እናንተ በስልካችሁ የምታዩት፣ ገና አየሁት ሳትሉ ጥሎ የሚሄደው ባቡር ያኔ የት ነበር። የኛው የገዳሪፍ ባቡር ከካሰላ ይመጣል ተብሎ ጠዋት ይወራል፣ እና ሰው ጓዙን ተሸክሞ ጣቢያ ይወርዳል፣ ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ታዲያ ባቡሩ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል እያቃሰተ ከች ይላል። ሲሄድም እንደዚያው ነው። ይጮኻል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ወደ ኋላ ይላል፣ እንደገና ይነሳል። ሚስቱን ሳይሰናበት የተሳፈረ ሰው ካለ ወርዶ ስሟት ተመልሶ ይሳፈር ነበር እላችኋለሁ።

እኔ ጣቢያው አጥር ሥር ሻይ እሸጥ ነበር። ሱዳኖቹ ሻይ የምትሸጠዋን «ሲት ሻይ» ነው የሚሏት፣ ስሜ ታንጉት መሆኑን የሚያውቅ ያገሬ ሰው ብቻ ነበር፣ ለሌላው ሁሉ ሲት ሻይ ነኝ። ታዲያ ባቡሩ ቆሞ ሳለ በመስኮት ሻይ አቀብላለሁ። ሻዩ ይፋጃል፣ ሰውየው እፍ እፍ እያለ ይጠጣል፣ ባቡሩ ይነሳል። ብርጭቆዬስ? ብርጭቆዬን ትቼ ልቅር? ከባቡሩ ጎን ጎን እሄዳለሁ እንጂ። እየሄድኩ አወራዋለሁ፣ ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ወዴት ነህ፣ እና እሱ ይጠጣል፣ እኔ እሄዳለሁ፣ የእህል ጎተራው ጋ ስንደርስ ብርጭቆውን ይመልስልኛል፣ በሰላም ግባ እለዋለሁ፣ እመለሳለሁ። በዚያች መንገድ ከስንቱ ጋር ተዛመድኩ መሰላችሁ። እስቲ ዛሬ የቻይናውን ባቡር ልከተለው? ብርጭቆዬ ቤጂንግ ይገባል፣ እኔ እዚሁ ጎተራው ጋ ነኝ።

ባለቤቴን አለባቸውንም ያገኘሁት እዚያው ነው። ሰሊጥ ተሸካሚ ነበር። ከፋሽጋ እርሻ የመጣውን ሰሊጥ ከመኪና ያወርዳል፣ ባቡር ላይ ይጭናል። ብዙ ነበሩ የኛ ሰዎች፣ የቋራው፣ የጭልጋው፣ የአርማጭሆው፣ ትግሬውም ነበረ፣ ሱዳኑም ነበረ፣ ጀርባ ያለው ሁሉ ነበረ። አለባቸው ግን ከሁሉም ይልቅ ባቡሩን ይወደዋል። ይወደዋል ስላችሁ ዝም ብሎ መውደድ አይደለም። ሐዲዱ ላይ ድንጋይ ካየ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ባቡሩ የዘገየ እንደሆነ እሱ ያፍራል፣ መንገደኞቹን ትንሽ ታገሱ፣ አሁን ይመጣል፣ መንገድ ይዞት ነው እያለ ይለምንለታል። እና ሱዳኖቹ «አቡ ሲካ» አሉት፣ የሐዲዱ አባት ማለታቸው ነው። እስከ ዛሬ በዚያው ነው የሚጠሩት።

ኋላ ባቡሩ ደከመ። እንደ ሰው ነው የደከመው። መጀመሪያ አንዳንድ ቀን ይቀር ጀመር፣ ከዚያ አንዳንድ ቀን ይመጣ ጀመር፣ ከዚያ ሰው መጫኑን ተወ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሰሊጡ በመኪና ሆነ። እነ አለባቸው ወደ ገበያው ሄደው ተሸከሙ፣ ጉልበታቸው ሲያልቅ እሱንም ተዉት፣ ግን ጠዋት ጠዋት እግራቸው ራሱ ወደ ጣቢያ ያመጣቸዋል። እና እኔ ዘንድ በበንበሯ ላይ፣ በንበር ያቺ በገመድ የተጠለፈችው አጭሯ መቀመጫ ናት፣ እሷ ላይ ተደርድረው ሐዲዱን ያያሉ። ሣር በቅሎበታል፣ ፍየል ይግጥበታል፣ እነሱ ቁጭ ብለው ያዩታል። እኔም ይከፋኝ ነበር። ሻይ የምሸጥላቸው መንገደኞች ስለጠፉ ብቻ አይደለም፣ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ እያሰብኩ ነው።

እግዜር የሰጠን አንድ ልጅ ነው፣ ሰናይት። እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ፣ በዓረብኛ ተምራ፣ ኋላ በኛ ሰዎች ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነች። ስታወራ በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ነበር የምትጨርሰው፣ አባቷ «ልጄ፣ የጀመርሽበትን በር ታውቂዋለሽ፣ በሱው ውጪ» ይላታል። ታዲያ አባቷ ሐዲዱን እያየ ሲተክዝ አላስችል አላት እና አንድ ቀን እጁን ይዛ ጎረቤታችን ሐጅ ኦስማን ቤት ወሰደችው። ሐጅ ኦስማን የጣቢያው ትኬት ቆራጭ የነበሩ ሱዳናዊ ናቸው፣ ያኔ ዲሽ አስገብተው ነበር። እዚያ ሆኖ የጃፓንን ባቡር አየ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። እንዲህ በርቶ ያየሁት ሰናይት የተወለደች ቀን ነው።

«ታንጉት፣ ባቡር አልሞተም» አለኝ።

«እና ምን ሆኗል?»

«እንደኛው ተሰድዶ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሆነ ነገር ይዛ ትመጣለች፣ ዛሬ ፈረንሳይ፣ ነገ ጀርመን፣ ከነገ ወዲያ ስፔን። በመጨረሻ የኔን የሻይ ቤት ግድግዳ ኖራ ቀባችው እና ዓለምን በከሰል ሣለችበት፣ ዓለምን በሙሉ፣ እኔ ማሰሮ የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ደቡብ አሜሪካ ወጣች። ፈጣን ባቡር ያላቸውን አገሮች በቀይ ጠመኔ ቀባቻቸው። እነዚያን ሽማግሌዎች ማየት ነበረባችሁ። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ጣቱን እያወጣ ጣልያን ይቺ፣ ኮሪያ ይቺ፣ ቱርክ ይቺ ይል ጀመር። ቻይናን ሲነግሯቸው ማን ይመን። ትናንት ጀምራ ዛሬ ከሁሉም በለጠች ብላ ሰናይት ስትነግራቸው አንዱ የቋራ ሰው ሰሊጥ እንኳ በዚህ ፍጥነት አይበቅልም ብሎ ሙግት ገጠማት።

ትልቁ ሙግት ግን በአሜሪካ ነው። አሜሪካ ቀይ አልተቀባችም። አቶ ወርቁ የሚባል ሰሊጥ ነጋዴ ነበር፣ ልጁ አሜሪካ ነው ያለው፣ ተቆጣ። እንዴት ተብሎ፣ አሜሪካ ምን ጎድሏት፣ ይቺ ልጅ ተሳስታለች አለ፣ እና እዚያው ልጁ ዘንድ ደወለ። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? አንዲት አለች፣ ግን እንደነዚያ አትሮጥም፣ እኔ በመኪና ነው የምሄደው አለው። አቶ ወርቁ ስልኩን ኪሱ ከተተ እና ያን ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሰዎች አገር የሚመዝኑት በባቡር ሆነ። ወጣቱ በሊቢያ አድርጌ ልሻገር ነው ብሎ ሊሰናበታቸው የመጣ እንደሆነ፣ የምትሄድባት አገር ባቡር አላት ወይ ይሉታል። ልጇ ስፔን ገብቶ የምታለቅስ እናት ብትመጣ፣ ኧረግ ስፔን እኮ ናት፣ ምን ያስለቅስሻል ይሏታል። እኔ እስቅ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ስለነበረ ነው የሳቅኩት።

አለባቸውማ የራሱ ሂሳብ ነበረው። ከገዳሪፍ ሐዲዱ ኸርቱም ይገባል ይላል፣ ከኸርቱም ሐልፋ፣ ሐልፋ ላይ ውሃ አለ፣ በጀልባ ትሻገራለህ፣ ማዶ የግብጽ ሐዲድ ይቀበልሃል፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ቱርክ፣ ከቱርክ ወዲያማ በሐዲድ የተሰፋ ነው እስከ ስፔን ድረስ። እና እሱ ዘንድ ሐዲድ ያለበት አገር ሁሉ ከዚህ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ሣሩ ቢነሳ፣ አንድ ሰው ድንጋዩን ቢያነሳ፣ ከስፔን የተነሳ ሰው የኔ በንበር አጠገብ ይወርዳል። በባቡር የሄደ ሰው አልጠፋም ይለኛል፣ ሐዲዱ ይመልሰዋል ይለኛል። እኔም እሺ እለዋለሁ፣ ምን እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣላችሁ። ሀብታሙ የሚባል ልጅ ነበር፣ ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ልጅ፣ ከሰናይት ጋር አብረው ነው ያደጉት። እናቱ ዕድል ወጣላት እና ይዛው አውስትራሊያ ገባች። ልጁ ሄደ፣ ልቡ ግን እዚሁ ቀረ፣ የልጄም ልብ እሱ ጋ ሄደ። በስልክ ነው ሁሉ ነገር። ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ፣ ሌላ የጠየቃትን ሁሉ እምቢ አለች። እኔ እናት ነኝ፣ አውቃለሁ። አባቷ ግን ግድግዳውን ነው የሚያየው፣ ልጁን መች ያያል።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌ ተላከ። አቶ ወርቁ ነው መሪው፣ የሰፈራችን ቄስ አሉ፣ ደግሞ ሐጅ ኦስማን አሉ፣ ሀብታሙን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ሐጅ ኦስማን የኛን ወግ አያውቁም፣ ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ አቶ ወርቁ ጀላቢያቸውን ጎትቶ አቆማቸው። ቁጭ በሉ አልናቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሐጅ ግራ ገብቷቸው አንዴ ወንበሩን አንዴ አቶ ወርቁን ያያሉ። ከዚያ አቶ ወርቁ ልጅዎን ለልጃችን ብሎ አሳምሮ ተናገረ፣ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ቤት አለው፣ አይጠጣም አለ። አለባቸው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ ሰማ፣ እና ቀና ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አገሪቱ ፈጣን ባቡር አላት?»

 ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። አቶ ወርቁ ሲያገግም፣ ይኖራታል እንጂ፣ እንዴት አይኖራትም፣ የደላት አገር ናት አለ። አለባቸው ግን ያውቃል። ግድግዳውን በቃሉ ነው የሚያውቀው። የአሜሪካም እንዲህ ይባል ነበር አለው። ሐጅ ኦስማን በአማርኛቸው፣ አቡ ሲካ፣ ልጁ ባቡር አያገባም፣ ሰናይትን ነው የሚያገባ አሉት። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም። ልጄ ራሷ ትምጣ እና ትንገረኝ አለ።

እኔ ሮጬ ወደ ጓዳ። ልጄ በሩ ሥር ቆማ ሁሉን ሰምታለች። አላት በይው አልኳት። ምን ትሆኛለሽ፣ ሁለት ከተማ መሀል አንድ አለች በይው፣ ማን ሄዶ ያያል። እምላችሁ፣ ለልጄ ስል ያን ቀን አንድ ባቡር ሳይሆን መቶ ባቡር እዋሽ ነበር።

«እማዬ፣ ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ፣ እና ወጣች።

ቆመች በአባቷ ፊት። ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ቆሟል፣ አለባቸው ብቻ ነው የተቀመጠው። አውስትራሊያ ፈጣን ባቡር አላት ወይ ብሎ ጠየቃት። የላትም አለችው። ሊሠሩ ነው ሲባል ይሰማል፣ እስካሁን አልሠሩም፣ የላትም። አለባቸው እጁን ዘረጋ፣ አያችሁ አይደል ሊል ነው። ልጄ ግን አልሄደችም። ሁልጊዜ አንተ የምትለውን አባቷን ያን ቀን አንቱ አለችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጎንደር ያልሄዱት ባቡር ስለሌላት ነው?»

ኧረ እናንተ።  ነገሩን ካላወቃችሁት ላስረዳችሁ። አለባቸው ከጭልጋ ነው የመጣው፣ በደርግ ጊዜ፣ ልጆች ሲታፈሱ፣ በእግሩ በበረሃ። እናቱን ለመከር እመለሳለሁ ብሏት ነው የወጣው። እዚህ ከገባ በኋላ ጦርነት ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ እሺ። ከዚያ ደርግ ወደቀ። ሰዉ በመኪና እየተጫነ ተመለሰ። ኋላ አስፋልቱ ተሠራ፣ አውቶቡስ በየቀኑ ጋላባት ይወርዳል፣ ነጋዴው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። እናቱ በሕይወት አለች። መንገደኛ ሲመጣ ደህና ናት ይለዋል፣ እሱም ስኳር ይልክላታል፣ ነጠላ ይልክላታል። በየዓመቱ ከክረምቱ በኋላ እሄዳለሁ ይላል። እኔ አንድ ሁለቴ ስንቅ ሁሉ አዘጋጅቼለት ነበር። ጠዋት ሲሆን ወይ እግሩን ያመዋል፣ ወይ ዝናብ አለ። ኋላ መጠየቁን ተውኩት። ፈሪ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሽፍታ ያልፈራ ሰው ነው፣ እሱ የፈራው የእናቱን ደጅ ነው። በቆየ ቁጥር ደጁ እየከበደው ሄደ፣ ይኸው ነው ሌላ የለውም።

ታዲያ ያን ቀን አልተቆጣም። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ሽማግሌ ፊት ነው፣ ልጁ ናት። ግድግዳውን ሊያይ ዞረ፣ ግን ካርታው ያለው ሻይ ቤቴ ነው እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም፣ ባዶ ጭቃ ግድግዳ አየ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ መልሱን ከመንገድ ስመለስ እሰጣችኋለሁ አላቸው። የትኛው መንገድ ብሎ የጠየቀው የለም። ሐጅ ኦስማን ብቻ፣ አሁንስ ልቀመጥ አሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አባትና ልጅ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፣ ሰናይት የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። ሲነጋጋ አውቶቡስ ተሳፈሩ፣ ጋላባት ወረዱ፣ ድልድዩን በእግራቸው ተሻገሩ፣ መተማ ሚኒባስ አገኙ።  ዳገቱን ሲጀምሩ አባቷ፣ እዚህ ጋ ውሃ ነበረ፣ እዚህ ጋ ተኝተናል፣ እዚህ ጋ አንድ ጓደኛችንን ቀብረነዋል ይላል፣ ሚኒባሱ ያን ሁሉ ጥሎት ያልፋል። እና ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ ጭልጋ ደረሱ። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጌሾ ትለቅማለች። አላወቀችውም። ግብር ሰብሳቢ መስሏት ቤት ውስጥ ወንድ የለም፣ ነገ ና አለችው።

«እኔ ነኝ እማ፣ አለባቸው ነኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰናይት ስትነግረኝ ማልቀስ ስለምትጀምር እኔም በደንብ አላውቀው። ጎረቤቱ መጣ፣ እልል ያለው እልል አለ፣ ያለቀሰው አለቀሰ። አሮጊቷ ፊቱን በእጇ ትዳብሳለች፣ ሸብተሃል ትለዋለች፣ አርጅተሃል ትለዋለች፣ ጥርስህስ ትለዋለች። ሰው ትንሽ ረጋ ሲል ሰናይትን አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ የልጅ ልጇን ነው እንግዲህ ገና ማየቷ፣ እና የደከማቸው መንገደኞች ናቸው ብላ እግራቸውን ልታሳጥብ ውሃ አስመጣች።

«ለመሆኑ ከቤታችሁ መቼ ተነሳችሁ?» አለቻት።

ልጄ መዋሸት አታውቅም፣ ነግሬአችኋለሁ።

«ዛሬ ጠዋት» አለች።

አሮጊቷ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች አለችኝ። ደግማ፣ ዛሬ? አለቻት። ዛሬ አለቻት። ያኔ እጇን ከውሃው አወጣች እና ወደ ልጇ ዞረች።

«አለቤ፣ ይህን ያህል ቅርብ ነበርህ?»

በቃ። ይህንኑ ነው ያለችው። አልተቆጣችም፣ አልረገመችም፣ የዓለም ዳር ያለ ልጅ ነበር የሚመስላት፣ ለዓለም ዳር ነበር ስትጸልይ የኖረችው። እሱም እግሯ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ናፍቆት መሰለው። ሰናይት ናት ያወቀችው። እኔም ስትነግረኝ አወቅኩት።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። ክርክር የለ፣ ግድግዳ የለ። ሽማግሌዎቹን አስጠራ፣ አሁንም መቆም ጀመሩ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ተቀመጡ አላቸው፣ ሰጥቻችኋለሁ። አቶ ወርቁ ያዘጋጀው ሌላ ንግግር ነበረው፣ ሳይናገረው በመቅረቱ ቅር አለው። ከዚያ አለባቸው ልጁን ጠራት እና ሰው ሁሉ እየሰማ ነገራት።

«ልጄ፣ እኔ መንገድ አጥቼ አልቀረሁም። አፍሬ ነው የቀረሁ። ዘግይተሽም ቢሆን፣ ባዶ እጅሽንም ቢሆን፣ ተጣልተሽም ቢሆን ነይ። ደጄን እንዳትፈሪው።»

እሷ አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ቄሱም አፍንጫቸውን ያብሱ ነበር። ሐጅ ኦስማን ሻይ የታለ አሉ። እንደዚያ ሆነ ልጄ የተዳረችው።

በአውሮፕላን ሄደች። ኸርቱም ድረስ በአውቶቡስ ሸኘናት፣ እና አውሮፕላን እኮ ጎን ጎን የሚሄዱት ነገር አይደለም፣ በር አለ፣ በሩ ውስጥ ትገባለች፣ አለቀ። እኔ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ቤቱ እንዴት ባዶ ሆነብን መሰላችሁ። አለባቸው ጠዋት ተነስቶ ሰናይት ብሎ ይጣራል፣ እኔ እንዳልሰማ ሰው እሆናለሁ።

ግን መጣች። አንድ ፋሲካ ልጅ አዝላ መጣች። እንዲያው በዓል ሲደርስ ሳትነግረን መጣች፣ በሩን ከፈትኩ፣ ቆማለች። ታዲያ ያኔ ነው አለባቸውን ማየት። ልጇን ታቅፎ ጣቢያ ይዞት ሄደ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ይሟገታሉ፣ ቱርክ እንዲህ ሠራች፣ ቻይና እንዲህ ጨመረች ይላሉ። ኋላማ ሞሮኮም ተቀባች፣ አፍሪካም ገባች ብለው ሻይ ተጋብዘዋል፣ ከባሕሩ ማዶ መካና መዲናም በፈጣን ባቡር ተገናኙ ሲባል ሐጅ ኦስማን ጠመኔውን ራሳቸው ይዘው ነው የቀቡት፣ ከመስመር ሁሉ ወጥተው የመንን አጋመሱ። ይሄ እንግዲህ ኋላ ነው። ያን ቀን ግን አለባቸው ሕፃኑን ይዞ መሀላቸው ቆመ እና ያቺን በከሰል ብቻ የተሣለችውን፣ ጠመኔ ያልነካትን ትልቅ ደሴት አሳያቸው።

«ይቺ የላትም። እንዳትቀቧት። የኔ ልጅ ግን መጥታለች» አላቸው።

ያን ያህል ኮርቶ አይቼው አላውቅም። ባቡር ባለመኖሩ የሚኮራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ አግብቼዋለሁ።

እሱስ ወደ እናቱ ተመለሰ ወይ አላችሁኝ? ተመለሰ እንጂ። ሰሊጥ በተሰበሰበ ቁጥር ይሄዳል፣ ሌላ ጊዜም ድንገት ተነስቶ ይሄዳል፣ ስኳሩን አሁን በእጁ ነው የሚሰጣት። አንዴ እኔንም ይዞኝ ሄደ፣ አሮጊቷ ሻይሽ ውሃ ውሃ ይላል ብላ አዋረደችኝ። እንዲህ እያለ ቆየ። ኋላ ታመመች፣ ሄዶ አስታመማት፣ አረፈች።

እዚህ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ልጆቼ፣ የኛን ሰው መርዶ እንዴት እንደምንነግረው ታውቃላችሁ። ሲነጋ ሲነጋ ተሰብስበን በሩን እናንኳኳለን፣ ሰውየው ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲያየን ይገባዋል፣ እናቱ ከሞተች ወር አልፏት ይሆናል፣ መቃብሯ የት እንደሆነ አያውቅም፣ ለማያየው አፈር ድንኳን ይተክላል። ከእነዚያ በበንበር ላይ ከሚቀመጡት ስንቱን በር አንኳኩቻለሁ። የአለባቸውን በር ግን ያንኳኳ የለም። አፈሩን ራሱ አልብሷት፣ ጫማው ላይ ያገሩ ጭቃ እንደደረቀ፣ በአውቶቡስ መጥቶ በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ መርዶውን ለእኔ የነገረኝም እሱ ነው።